ብርብራ በኑግ ዘይት

ጥር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የጀመርሁት የመድኃኒት ልክ ልጽፍበት ነው። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሦስት መስመር ሳልጨርስ ስለ ራሴ ማውራት እጀምራለሁ። ይኸው ጀመርሁ።

አካለ ወልድ እባላለሁ። ደብተራ ነኝ። ድምፄ ጥሩ ነው፤ ቅኔዬ መካከለኛ ነው፤ መድኃኒቴ ደግሞ እንደ በሽተኛው ዕድል ነው።

ዛሬ ሥራነሽ ከቆላ ወጣች። በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ከሉማሜ እስከ አማኑኤል የማያውቃት ገበያተኛ የለም። በርበሬው ግን ለወጉ ነው። ዋና ሥራዋ ጣሊያንን ሊወጉ ዓባይ በረሃ ለገቡት ልጆች ስንቅና ወሬ ማመላለስ ነው። የእኛም ልጅ፣ ድረስ፣ ከእነርሱ ጋር ነው፤ ከገባ ሁለት ክረምት አለፈው። ለባለቤቴ ለየብርጓል "ልጁ ደኅና ነው፣ እንዲያውም ወፍሯል" አለቻት። እኔን ግን ወደ ጓሮ ጠርታ ሌላ ነገረችኝ።

ቅማል ጨርሷቸዋል። ተስቦ ገብቷል፤ የቀበሯቸውም አሉ። አገር ነጻ ሳይወጣ ምላጭ አይነካንም ብለው ስለማሉ ጎፈሬያቸው የቅማል ከተማ ሆኗል። "ጥይት የማራቸውን ቅማል ሊፈጃቸው ነው። አንድ ነገር ይፈልጉላቸው፣ መሪጌታ" አለችኝ።

መሪጌታ አይደለሁም። ግን አላረምኋትም።

ጥር 16

እንቅልፍ የለም። ድረስ ልጅ ሳለ ራሱን ሲያሳክከው እናቱ ጉልበት ላይ ይጋደምና እሷ ስትቀምለው ይተኛ ነበር። አሁን ማን ይቀምለዋል?

በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ውስጥ የብርብራ ዛፍ አለ። ፀሐይ ሲበረታበት ቅርፊቱ ጧ ብሎ ይፈነዳና ፍሬው ይረግፋል። ማኅሌት ቆመን በፈነዳ ቁጥር ጥይት ይመስለኛል። ስደነግጥ ሰው እንዳያይብኝ መቋሚያዬን ከፍ አደርጋለሁ፤ ገበዙ "አካለ ወልድ ዛሬ መንፈስ ወርዶለታል" ይላሉ።

አባቴ የእከክ መድኃኒት የሚሠራው በብርብራ ፍሬ ነበር። ፍሬውን ወቅጦ በቅቤ ለውሶ ይቀባል። እከክን ካልማረ ቅማልን ለምን ይምራል? ይህን ለማሰብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሊቅ ነኝ።

ጥር 19

ወቀጥሁ። አስነጠሰኝ። ቅዳሴ ላይም አስነጠሰኝ። ዲያቆኑ ሲያነብ አስነጠሰኝ። ፍሬው ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ይከርማል፤ አፍን በጨርቅ ማሰር ይገባል። (ይህ የመድኃኒት ልክ ነው፤ ደብተሩ በከንቱ አልተገዛም።)

መሞከሪያ ቅማል ከየት ላምጣ ብዬ የብርጓልን ጠየቅኋት።

"ጋቢዎን ያራግፉ" አለችኝ።

የብርጓል "አንቱ" የምትለኝ ስትናደድ ነው። በጣም ስትናደድ "ጌታዬ" ትለኛለች። አራገፍሁ። ቅማል ተገኘ። ወይ ደብተራ!

ጥር 25

በውኃ የዘፈዘፍሁት ከንቱ ነው። ቅማሎቹ ሰክረው አደሩ፤ ጠዋት ተነሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በቅቤ የለወስሁት ግማሹን ገደለ፤ ግን ቆላ ላይ ቅቤ ቀልጦ ከጎፈሬ ወደ ዓይን ይወርዳል። የውሻችን መዥገር በቅቤው ረገፈ። ውሻው ራሱን ልሶ ቀኑን ሙሉ ለሃጩን ሲያዝረከርክ ዋለ፤ የብርጓል "ጌታዬ" አለችኝ።

የካቲት 2

ኑግ! የኑግ ዘይት!

ውኃ ያላወጣውን ጉልበት ዘይት አወጣው። የተወቀጠውን ፍሬ በኑግ ዘይት ነክሬ ፀሐይ ላይ አስጥቼ በአሮጌ ነጠላ አጠለልሁት። ቅማሉን በዋንጫ ከድኜ ጠብ አደረግሁበት። አንድም አልተነሣ። ዶሮዋንም ቀባኋት፤ እሷ ስትነሣ ቅማሏ ቀረ።

በራሴ ላይም ሞከርሁት። ራሰ በራ ስለሆንሁ ለመላጣዬ ብዙ አላስፈለገም። ግን አብዝቼው ኖሮ እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለኝ፤ ግራ ዓይኔም አብጦ ተዘጋ። ገበዙ "ምነው?" ቢሉኝ "ንብ" አልኋቸው። ለአንድ እፍኝ ፍሬ ሦስት ዋንጫ ዘይት፣ ዘይቱ ከዚያ አይነስ። ዓይን አይንካ።

የካቲት 5፣ የቅበላ እሑድ

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩ አድርጌ ተናገርሁ። ነገ ሁዳዴ ይገባል፤ ሕዝቡ ቅጽሩ ውስጥ ተሰብስቧል፤ ድምፄም ተስማምቶልኛል። ስለ ዓሣ አነሣሁ። "ዓሣ ደም አለው! ደም ያለው ሥጋ ነው! በሁዳዴ ሥጋ የሚበላ ክርስቲያን ከእኛ መካከል አለ!" አልሁ። ስሙን አልጠራሁም። በጣቴ ብቻ አሳየሁ።

ጎረቤታችን በላቸው ነው። በየሁዳዴው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ኩሬ ውስጥ ይበትንና ሰክሮ የሚንሳፈፈውን ዓሣ በእጁ ይለቅማል። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዝም ይለዋል። እኔ ግን ዝም ማለት አልችልበትም።

በላቸው አልተቆጣም። "ደብተራ፣ እርስዎ የማይበሉት ስለሚሸትዎ እንጂ ስለ ጽድቅ አይደለም" አለኝና ሄደ። ሰው ሳቀ።

እውነቱን ነው። በዕድሜዬ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም፤ ሽታው ብቻ ያስመልሰኛል። ይህን ግን እዚህ እንጂ እዚያ አልተናገርሁም።

የካቲት 24

የብርጓል ኑግ ስትጨምቅ ትውላለች፣ እኔ ስወቅጥ። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። አንድ ቀን ብቻ "ድረስ ጸጉሩ ወፍራም ነው፤ ጨምርበት" አለችኝ። ሥራነሽ ጓሮ የነገረችኝን እንዳልሰማች መስሎኝ ነበር።

መጋቢት 7

ሥራነሽ ወሰደችው። ዘይቱን በየቅሉ ሞልታ ከበርበሬው ሥር ቀበረችው። ኬላው ላይ አስካሪው፣ ለጣሊያን ያደረው ጥቁር ወታደር፣ ጆንያውን ሲፈታ በርበሬው አስነጥሶት "እለፊ፣ እለፊ!" ይላታል አለች። እኔ ብሆን ቅሉን ከነበርበሬው ጥዬ እሮጥ ነበር።

ዝቃጩ ሁለት ጋን ሙሉ ቀርቷል።

መጋቢት 8፣ ዓርብ

የመድኃኒት ዝቃጭ ሰው በሚረግጠው መሬት አይደፋም። የረገጠው ሰው የሌላውን ደዌ ይወስዳል። በወራጅ ውኃ ይደፋል። አባቴም አያቴም እንዲሁ አድርገዋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ሁለቱንም ጋን ወንዝ ወርጄ ደፋሁ፤ ጸሎቱን አደረስሁ፤ የብናኝ ስባሪ እንኳ ሳይቀር አጠብሁ።

ደኅና ሠራሁ። ንጹሕ ሥራ።

መጋቢት 9

ወይ ጉድ። ወይ ጉዴ።

ወንዙ ከእኛ በታች በጣሊያን ምሽግ በኩል ያልፋል። ወታደሩ የሚጠጣው ከዚያው ነው። ዛሬ ጠዋት ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ መልካው በሞተ ዓሣ ነጭ ሆኖ አገኙት። ጡሩምባ ተነፋ። አንዱ አስካሪ ከድንጋጤው የተነሣ ሲያስመልስ ዋለ አሉ። "ውኃው ተመርዟል! ሊፈጁን ነው!" ተባለ።

ብርብራ ዓሣ እንደሚገድል የማያውቅ በዚህ አገር ማን አለ? በላቸውን በጣቴ ያሳየሁት በምን እያጠመደ ነው ብዬ ነበር? በኩሬ! በብርብራ! ሁለት ወር ሙሉ ቅማል ቅማል ስል ዓሣን ረሳሁት። ሊቅ ነኝ ብዬ ነበር። አልሰርዘውም፤ ይታይ።

መጋቢት 10

በላቸውን ወሰዱት።

ጭቃ ሹማችን ወልደ ሩፋኤል ተጠርቶ "ብርብራ የሚያውቅ ማነው?" ተባለ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው፤ ከእኔ አይለይም። ዝም ቢል አንዱ ሎሌው ከአጠገቡ "ደብተራው በቅበላ ዕለት በጣት ያሳየው አለ" አላቸው።

በጣት ያሳየው። ጣቴን ምን ላድርገው?

ቅዳሜ፣ ገበያ መካከል ይሰቀላል።

መጋቢት 11

ልሄድ ነው። ነገ።

መጋቢት 12

አልሄድሁም። ሄጄ ምን እላለሁ? "የቅማል መድኃኒት ነው" ብል "ሁለት ጋን የቅማል መድኃኒት ለማን?" ይሉኛል። ለራሴ ነው እንዳልል ራሰ በራ ነኝ። ደግሞ ጅራፍ ሲያዩ ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ አይደለሁም። ሥራነሽን እናገራለሁ። ሥራነሽ ከተያዘች የበረሃው መንገድ ይታወቃል። በመንገዱ መጨረሻ ልጄ ድረስ አለ።

ዝም ካልሁ በላቸው ይሞታል። ከተናገርሁ ልጄ ይሞታል። ይህ ሁሉ የመጣው መሬት ላይ እንዳልደፋ ብዬ ነው።

መጋቢት 13

የበላቸው ሚስት ጥላነሽ መጣች። አንድ ቁና ዱቄት ተሸክማ። "ዳዊት ይድገሙለት፤ የእርስዎ ድምፅ ይሰማል ይላሉ" አለችኝ።

ደገምሁላት። ድምፄ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም፤ ሰማሁትና ራሴን ጠላሁት። ስትወጣ እጄን ሳመች። ዱቄቱን መልሼ ላሸክማት ብል "ለጸሎቱ ነው" ብላ እምቢ አለች። ቁናው ይኸው ከደጃፍ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም።

ፈሪ ነኝ። በቀልድ አይደለም የምጽፈው።

መጋቢት 14፣ ሌሊት

ለየብርጓል ነገርኋት። "ጌታዬ" ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም።

"ዓሣ ልበላ ነው ያጠመድሁት በል" አለችኝ።

"እኔ? በሁዳዴ?"

"አንተ። በሁዳዴ። ሰው እንዳያየኝ አፍሬ ተደብቄ ነበር በል። ሆዳም ደብተራ ስለ ቆላ ማንም አይጠይቀውም።"

"የብርጓል፣ ሃያ ዓመት በዚህ አገር የተከበርሁት በጾሜ ነው። ቅኔዬን ታውቂዋለሽ። ከጾሜ በቀር ምን አለኝ?"

"ልጅ አለህ" አለችኝ።

አሁን ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች። እኔ ይህን እጽፋለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። በዓሣ ይታሽ እንደሆነ ነገ እናያለን።

መጋቢት 15፣ ዓርብ

ጀርባዬ ስለተጎዳ በደረቴ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ቢሆንም ሁሉን እጽፋለሁ።

ምሽጉ በር ላይ ወልደ ሩፋኤልን አገኘሁት። "ዓሣውን የፈጀሁት እኔ ነኝ" አልሁት።

"ምን ሊያደርግልህ?"

"ልበላ።"

ጭቃ ሹሙ የጣሊያንን ሹመት ከተቀበለ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። ሳቁን ሲጨርስ ግን አዘነልኝ። ከሳቁ ይልቅ ያ አመመኝ።

የጣሊያኑ ሻለቃ ፊት አቀረቡኝ። በላቸው እጁ የኋሊት ታስሮ ቆሟል፤ ከንፈሩ አብጧል። እኔን ሲያይ "ደግሞ ምን ሊያሳጣኝ መጣ" ያለ መሰለኝ። አስተርጓሚው ነገሬን ሲያስረዳ ሻለቃው "እስካሁን ለምን ዝም አልህ?" አለኝ።

"ሰው እንዳይስቅብኝ" አልሁት።

ከተናገርሁት ሁሉ ያመነኝ ይህንን ነው። ግማሹ እውነት ስለነበር ይሆናል።

ከዚያ ወደ ኩሬው ወረድን። ምእመናኑ ከማዶ ተሰልፈው ያያሉ፤ ገበዙም አሉ፣ ጥላነሽና የብርጓልም አሉ። ይዤ የሄድሁትን ፍሬ ወቅጬ በተንሁ። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። "ዓሣ ያሰክራል እንጂ ሰው አይገድልም" አልሁና ከዚያው ኩሬ በእፍኜ ጠጣሁ። እሱስ ቀላል ነበር።

ዓሣውን ጠብሰው በድንጋይ ላይ አቀረቡልኝ። ሽታው ገና ከሩቅ ያዘኝ። "ብላ" አለኝ አስተርጓሚው። "በልተህም ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ እዚህ ትቆማለህ። ከታመምህ ወይም ካስመለሰህ መርዝ ነው፤ ሁለታችሁም ትሰቀላላችሁ።"

ካስመለሰህ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው።

ልማዴ ነውና ልባርክ እጄን አነሣሁ። በሁዳዴ ዓርብ ጥብስ ዓሣ ላይ ምን ተብሎ ይባረካል? አወረድሁት። በላሁ። ሁሉንም በላሁ፤ እንደሚወድ ሰው አጥንቱን ጠባሁ፤ ሻለቃው እያየ ስለነበር ጣቴንም ላስሁ። ያችኑ በላቸውን ያሳየችውን ጣት። ከማዶ አንዲት ሴት "እግዚኦ!" ስትል ሰማሁ።

ከዚያ ቆምሁ። ዓሣው ሦስት ጊዜ እስከ ጉሮሮዬ መጣ፤ ሦስት ጊዜ መልሼ ዋጥሁት። ላብ ከመላጣዬ ወደ አንገቴ ይወርዳል። በልቤ ከጾመ ድጓው ረጅሙን መዝሙር ያዝሁ፣ ትንፋሽ የሚያስቆጥረውን። የማኅሌት ትንፋሽ የተማርሁት ለካ ለዚህ ኖሯል። በላቸው ከፊቴ ቆሞ ዓይኑን ከእኔ አላነሣም።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። በላቸውን ፈቱት። እኔን ስለ ዝምታዬ ገረፉኝ፤ ጮኽሁ፣ ድምፄ ጥሩ ስለሆነ እስከ አማኑኤል ሳይሰማ አልቀረም። ሻለቃውም ዓሣ ይወዳል ኖሮ፣ በየሳምንቱ ዓርብ እንዳመጣለት አዘዘኝ።

ኮረብታውን ተሻግረን ማንም በማያይበት ስንደርስ የያዝሁትን ሁሉ መለስሁ። የብርጓል ግንባሬን ይዛልኝ ነበር። "ጎበዝ" አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

መጋቢት 16

ቅዳሜ። ገበያው ላይ ማንም አልተሰቀለም። ስለ እኔ ግን ሁሉም አወራ።

መጋቢት 18

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። "በልተሃል?" አሉኝ። "በልቻለሁ" አልሁ። እውነት ነው፤ የተቀረውን አልጠየቁኝም። እስከ ጰራቅሊጦስ ከማኅሌት ታገድሁ። ስግደትም አለ፤ ጀርባዬ እስኪድን በርኅራኄ አቆዩልኝ።

ለሻለቃው ዓሣ ለማጥመድ የብርብራ ፍሬ በግልጽ እለቅማለሁ፤ አስካሪዎቹም ያግዙኛል። ዓሣው የሚፈልገው እፍኝ ነው፤ የተረፈው ወደ ኑጉ ይገባል። ዝቃጩን ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብራለሁ። አባቴ ይቅር ይበለኝ።

ሚያዝያ 1፣ ፋሲካ

ሌሊቱን ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ አደርሁ። ውስጥ ያለ እኔ ዘመሩ። በጣም አማረ፤ ይህ ትንሽ አናደደኝ።

ዶሮ ሲጮኽ አንድ ሰው ጧፍ ይዞ ከበሩ ወጣና አጠገቤ ቆመ። በላቸው ነው። ጧፌን ከጧፉ አቀጣጠለልኝ።

"ግባ እንጂ፤ አንተ አልታገድህም" አልሁት።

"ዓሣ የሚወድ ሰው ሲበላ አያላበውም" አለኝ።

እስኪነጋ አብረን ቆምን። ይቅርታ ልለው አፌን በከፈትሁ ቁጥር "እሺ፣ እሺ፣ ክርስቶስ ተነሥቷል" ይለኛል።

ሚያዝያ 7

ሥራነሽ መጣች። ዘይቱ ደርሷል። ጎፈሬያቸውን ሳይላጩ ቀብተው በሻሽ ጠቅልለው አድረዋል። ከዚያ ወዲህ በተስቦ የወደቀ አዲስ ሰው የለም።

"ልጅዎ ምን አለ መሰለዎት?" አለችኝ እየሳቀች። "'አባባ በሁዳዴ ዓሣ በላ አሉኝ፤ እንዴት አድርጎ ቢጣፍጠው ነው?' አለ። ጓዶቹ እየቀለዱበት ነው፤ እሱም በጣም አፍሯል።"

እኔም ሳቅሁ። "ጨው አንሶት ነበር በይው" አልኋት። እውነቱን እንዳትነግረው ግን አስማልኋት፤ ከሰማ ሊያየኝ ይመጣል፤ መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ይፈር። ያፈረ ልጅ በሕይወት ያለ ልጅ ነው። ብቻዬን ስሆን ግን አለቀስሁ፤ ይህንም ልጻፈው።

ሥራነሽ ልትሄድ ስትል ከቀሚሷ ጫፍ የታሰረች ጨርቅ ፈታ ለየብርጓል ሰጠቻት። ድረስ ጎፈሬውን ሲያበጥር ሚዶው ላይ የቀረ ጸጉሩ ነው። "እማማ ትቀምለው፤ ካገኘች ለአባባ ትናገር" ብሎ ላከው።

የብርጓል ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ጸጉሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ትለያለች። ዓይኗ ስለደከመ እኔም ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ አገዝኋት። እስኪመሽ ፈለግን። አንድ ቅጫም እንኳ አላገኘንም።